የሰርቪስ ክፍል ኪራይ እና ንስሐ

በሀዋሳ አብያተ ክርስቲያናት መድረክ ላይ «የዘመናችን ማኅበራዊ ፈተናዎች» የሚል ርእስ ሲነሣ ንግግሩ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሩቅ ይሄዳል። ስለ ምዕራቡ ዓለም የሥነ ምግባር መላላት፣ ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ፣ ስለ ወጣቶች ሱስ፣ ስለ ስደት ይነገራል፤ እነዚህም ሁሉ መነገር የሚገባቸው ናቸው። ነገር ግን ከአምልኮ ወጥተን በምንገባበት ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ በተርታ በተሠሩት የሰርቪስ ክፍሎች ስለሚኖሩት ሰዎች፣ በየወሩ ስለሚከፍሉት ኪራይና በግቢው ውስጥ ስለሚያዙበት አያያዝ ስብከት ሰምቼ አላውቅም። ስለ አሥራት ግን በየዓመቱ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

ይህን የምጽፈው በአንድ አጥቢያ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት እንደሚያስተምር ምእመን ነው፤ የኢኮኖሚ ባለሙያ አይደለሁም። የምለውም አንድ ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያን የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞችን «ልናገለግላቸው የሚገቡ ወገኖች» አድርጋ ማየቷ ደግ ነገር ቢሆንም ጎዶሎ ነው፤ ምክንያቱም ለእነዚህ ሠራተኞች ቤት የሚያከራዩት፣ ኪራይ የሚጨምሩባቸው፣ በማምረቻው መስመር ላይ የበላያቸው ሆነው የሚቆጣጠሯቸው ሰዎች በዚያው ጉባኤ ውስጥ ከፊት ወንበር የተቀመጡ ወንድሞችና እኅቶች ናቸው። ስለዚህ ለተከራይዋ የሚደረገው የመጀመሪያው አገልግሎት ለአከራይዋ የሚሰጠው ትምህርት ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ሁኔታውን በአጭሩ ላስረዳ። የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ በዋናነት ለጨርቃ ጨርቅና ለአልባሳት ምርት የታቀደ ነበር፤ በሙሉ አቅሙ ሲሠራም 60,000 ያህል ሰው ይቀጥራል ተብሎ ነበር። የመጡት ሠራተኞች በብዛት ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ከሲዳማ የገጠር ቀበሌዎች፣ ከወላይታና ከአካባቢው ዞኖች የመጡ፣ ብዙዎቹም ከቤተሰባቸው ተለይተው ሲኖሩ የመጀመሪያቸው ነው። በ2011 ዓ.ም. ስለ ፓርኩ የወጣ አንድ የውጭ ጥናት የጀማሪ ሠራተኛን መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ያህል ብሎ ማስቀመጡ በዓለም ዙሪያ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢናገርም መጠኑን ግን አላስቀመጠም። በመሆኑም በግል ድርጅት የምትሠራ ልጅ ደመወዟ የሚወሰነው በገበያው ነው፤ ኪራይዋም የሚወሰነው በገበያው ነው፤ ሁለቱ ገበያዎች ግን እኩል አይራመዱም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ይበልጥ ከባድ ነበር። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ ምርቶች ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚገቡበት የንግድ ዕድል፣ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ስታስወጣ በፓርኩ ውስጥ ምርት የቀነሱና ለቀው የሄዱ ኩባንያዎች ነበሩ፤ ሥራቸውን ያጡት ልጆች ከፊሎቹ ወደ ገጠር ተመለሱ፣ ከፊሎቹ በየቤቱ ተቀጠሩ፣ ከፊሎቹም ወደ ዓረብ አገር የሚወስደውን መንገድ ጀመሩ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የዘይቱም የሳሙናውም ዋጋ ሌላ ሆነ። ዛሬ በፓርኩ ዙሪያ ባሉት ሰፈሮች አንዲት ክፍል ሦስትም አራትም ሆኖ መከራየት የተለመደ ነው። አንዷ ከሌሊት ሥራ ስትገባ ሌላዋ ለጠዋቱ ትነሣለች፤ አንድ ፍራሽ ሁለት ሰው ያስተኛል። ምግቡም ቢሆን ከቤት በተላከ ቆጮና በሽሮ የሚገፋ ነው።

አብያተ ክርስቲያናት ይህን አይተው ዝም አላሉም፤ ይህን መካድ ፍትሐዊ አይሆንም። ለአዲስ መጤዎች የጸሎት ኅብረት የጀመሩ አጥቢያዎች አሉ፤ በዓመት በዓል ዱቄትና ዘይት የሚያድሉ አሉ፤ የታመመችን ልጅ በራሳቸው ወጪ ያሳከሙ ዲያቆናት አሉ። ብዙ መዘምራንም ከእነዚሁ ልጆች መካከል ወጥተዋል። ቅሬታዬ በዚህ በጎ ሥራ ላይ አይደለም። በፋሲካ ማግስት አንድ ሊትር ዘይት የሰጠ ሰው በግንቦት መባቻ በዚያችው ልጅ ላይ የኪራዩን ሲሶ ሲጨምር፣ በሁለቱ ድርጊቶች መካከል ምንም መንፈሳዊ ግንኙነት እንደሌለ አድርጎ እንዲያስብ ያስተማርነው እኛ መሆናችን ነው የሚያሳስበኝ። ዘይቱ «አገልግሎት» ይባላል፤ ኪራዩ ደግሞ «የግል ጉዳይ» ነው።

መጥምቁ ዮሐንስ ይህን መለያየት አያውቀውም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ሕዝቡ ለንስሐ የሚገባ ፍሬ እንዲያደርጉ ሲነገራቸው «እንግዲህ ምን እናድርግ?» ብለው ጠየቁት። እኛ ብንጠየቅ ምን እንደምንመልስ አስባለሁ፦ ጹሙ፣ ጸልዩ፣ ከጉባኤ አትቅሩ እንል ይሆናል። ዮሐንስ ግን ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው እንዲያካፍል፣ ምግብም ያለው እንዲሁ እንዲያደርግ ነገራቸው። ቀጥሎ ቀራጮች መጡ፤ ለእነርሱም «ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ» አላቸው። ጭፍሮች መጡ፤ በማንም ላይ ግፍ እንዳይሠሩ፣ ማንንም በሐሰት እንዳይከስሱ፣ ደመወዛቸው እንዲበቃቸው አዘዛቸው። በዚህ ክፍል ላይ ደጋግሜ ያስተዋልኩት ነገር አለ። ዮሐንስ ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ አልሰጠም፤ እያንዳንዱን የጠየቀው በየዕለቱ ገንዘብ የሚያገኝበትን በር ነው። ለቀራጩ የንስሐው ቦታ የቀረጥ ጠረጴዛው ነበር፤ ለወታደሩ ዱላው ነበር። በዘመናችን በሀዋሳ አንድ አከራይ በዮርዳኖስ ዳር ተሰልፎ ቢጠይቅ መልሱ ስለ ኪራዩ እንደሚሆን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

የኦሪት ሕግም በዚህ ጉዳይ ከምናስበው በላይ ዝርዝር ነው። ዘዳግም ምዕራፍ 24 ደመወዝ የሚጠብቅን ድሃ ሠራተኛ፣ ከወገንም ሆነ በአገር ከሚኖር መጻተኛ፣ ፀሐይ ሳትገባ ዋጋውን ስጠው ይላል፤ ድሃ ነውና ነፍሱም ወደዚያ ትመለከታለችና። ይህ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ከዚያ በላይ ያሉት ጥቂት ቁጥሮች ግን አይነበቡም። ለባልንጀራህ አበድረህ መያዣ ልትወስድ ብትሄድ ወደ ቤቱ አትግባ፣ በውጭ ቁም፣ መያዣውን እርሱ ያውጣልህ ይላል። የሚጠይቀው ሰው መብት አለው፤ ገንዘቡ የእርሱ ነው፤ ተበዳሪውም ግዴታ አለበት። ነገር ግን መብት ያለውም ሰው የድሃውን ደጃፍ ሳይፈቀድለት መርገጥ አይችልም። ልጆቹ ለሥራ ሲወጡ በመለዋወጫ ቁልፍ ከፍቶ ገብቶ «ስቶቭ ተጠቅመዋል ወይ» ብሎ የሚፈትሽ አከራይ ያለበት ከተማ ውስጥ ይህ ቁጥር ለምን እንደማይሰበክ አይገባኝም።

የግቢ ሕግ የሚባለውን ነገር ትንሽ ላብራራው፤ ዋናው ችግር ከኪራዩ መጠን ይልቅ እዚህ ላይ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። መብራት በተወሰነ ሰዓት ይጠፋል፤ ቆጣሪው አንድ ስለሆነ ተከራይ ካውያ እንዳትሰካ ትከለከላለች። ውሃ በመጣበት ቀን መጀመሪያ የአከራዩ በርሜሎች ይሞላሉ፤ የተረፈው ለተከራይ ነው። ልብስ ማጠብ በሳምንት አንድ ቀን ነው። እንግዳ፣ እኅትም ብትሆን፣ አታድርም። የግቢው በር በምሽት ሦስት ሰዓት ይቆለፋል፤ የማታ ሺፍት የሚያልቀው ግን ከዚያ በኋላ ነውና ልጅቱ በር እያንኳኳች የባለቤቱን ቁጣ ትጠብቃለች፤ ያለዚያም ደጅ ላይ ትቆማለች፤ ከተማው ደግሞ በዚያ ሰዓት ደጅ ላይ ለቆመች ልጅ ደግ አይደለም። (የተከራዮቹን የውሃ ጀሪካን የሚቆጥር አንድ ዲያቆን አውቃለሁ፤ በአምልኮ ጊዜ እጁን ከሁሉ ቀድሞ የሚያነሣው እርሱ ነው።) ከእነዚህ ሕጎች ውስጥ አብዛኞቹን መለወጥ አንድ ብር አያስወጣም።

አከራይ ስንል ግን ባለጠጋ ብቻ እንዳይመስለን። እዚህ ላይ ነገሩ በቀላሉ አይቋጭም፤ ብዙ ሰባኪዎችም ዝም የሚሉት ከፍርሃት ብቻ ሳይሆን ይህን ስለሚያውቁ ይመስለኛል። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን በሁለት ሰርቪስ ክፍል ኪራይ የምታሳድግ እናት በየአጥቢያው አለች። ጡረታው ለወር አስቤዛ የማይበቃው መምህር አለ። እነዚህ ሰዎች የጣሪያ ቆርቆሮ ሲቀደድ የሚቀይሩት፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ ሲሞላ የሚያስመጥጡት ከዚያችው ኪራይ ነው። እናቲቱ «ለተከራዮቹ ታዝናላችሁ፤ ለእኔስ ማን ያዝንልኛል?» ብትል መልስ የሚገባት ጥያቄ ነው የጠየቀችው። ኪራይ መጨመር ሁሉ ግፍ ነው የሚል ትምህርት ለእርሷ ወንጌል አይሆናትም፤ አንዱን ድሃ በሌላው ድሃ ላይ ዳኛ አድርጎ ማስቀመጥ ይሆናል።

ስለዚህ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ከዚህ ጋር አብሮ መነበብ አለበት። የመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን ዲያቆናትን የሾመችው በዕለታዊው አገልግሎት ችላ ስለተባሉ መበለቶች ነበር። አጥቢያው መበለቲቱን በደንብ ቢደግፋት፣ የቆርቆሮዋን መቀየሪያ ወንድሞች አዋጥተው ቢሰጧት፣ ሸክሟን በተከራዮቿ ትከሻ ላይ ለማስተላለፍ የምትገደድበት ምክንያት ይቀንሳል። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በሁለተኛው መልእክቱ ምዕራፍ 8 ሌሎች እንዲያርፉ እናንተ እንድትጨነቁ አይደለም፤ የእናንተ ትርፍ የእነርሱን ጉድለት እንዲሞላ ነው እንጂ ብሎ የጻፈው ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ይመስላል። አሥር ክፍል ሠርቶ በየሦስት ወሩ የሚጨምር ነጋዴና ሁለት ክፍል ያላት መበለት አንድ ዓይነት ምክር ሊሰጣቸው አይገባም። ይህን ለይቶ የሚያውቅ፣ በየቤቱ ገብቶ የሚጠይቅ፣ የእያንዳንዱን ጓዳ የሚያይ እረኛ እንዲኖር ነው ቤተ ክርስቲያን መጋቢ የምትሾመው። መድረክ ላይ ብቻ የሚታይ መጋቢ ይህን ሥራ ሊሠራው አይችልም።

«ይህ ፖለቲካ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነፍስን ማዳን ነው» የሚሉ አሉ። ለእነርሱ የምመልሰው ከውጭ በመጣ ንድፈ ሐሳብ አይደለም፤ ከራሳችን ታሪክ ነው። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1964 ዓ.ም.፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ፣ ስለ ወንጌል ስብከትና ስለ ሰው ልጅ ልማት ግንኙነት ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጽፋ ነበር። የምዕራብ ረጂዎች ለልማት ሥራ ገንዘብ ሲሰጡ ለወንጌል ሥራ ግን እጃቸውን ይሰበስቡ ስለነበር፣ ደብዳቤው ሰውን ለሁለት መክፈል አይቻልም፤ ሥጋውን ለብቻ ነፍሱን ለብቻ የሚያይ አገልግሎት የወንጌል አገልግሎት አይደለም የሚል ክርክር ያቀረበ ነበር። ቄስ ጉዲና በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በደርግ ዘመን ታፍነው ተወስደው ተገደሉ፤ አጽማቸው የተገኘው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ነው። ለነፍስና ለሥጋ አንድነት የተከራከረው ድምፅ ከዚህች አገር የወጣ፣ ዋጋም የተከፈለበት ነው።

በዚህ ውርስ ላይ ግን አንድ የተጣመመ ነገር ደርሷል ብዬ አስባለሁ፤ ይህም የመካነ ኢየሱስ ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ነው። ሰውን በነፍሱም በሥጋውም የማገልገል፣ «ሁለንተናዊ አገልግሎት» የሚባለው አሳብ ቢሮ አገኘ፣ በጀት አገኘ፣ የፕሮጀክት ሪፖርት አገኘ። ጥሩ ሥራም ሠራ፤ የውሃ ጉድጓዱ፣ ክሊኒኩ፣ ትምህርት ቤቱ የሚናቁ አይደሉም። ነገር ግን የሥጋው ጉዳይ የልማት ኮሚሽኑ ሥራ ሲሆን መድረኩ ነጻ ወጣ። መጋቢው ስለ ነፍስ ይናገራል፤ የፕሮጀክት አስተባባሪው ስለ ሥጋ ሪፖርት ያደርጋል። ደብዳቤው የተዋጋው ለሁለት መከፈል ከረጂዎቹ ጠረጴዛ ተነሥቶ በእኛው ቢሮዎች መካከል ተቀመጠ። ለኪራይ ጉዳይ ፕሮጀክት ስለማይጻፍለት ደግሞ ማንም የእኔ ሥራ ነው አይለውም።

ከእኛ በፊት የነበሩት አባቶችም በዚህ ላይ አልተሳሳቱም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ወገኖቻችን አብዝተው የሚያከብሩት ዮሐንስ አፈወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም፣ በቤተ መቅደስ የክርስቶስን ሥጋ በሐር እያከበርህ በደጅ በብርድና በዕርቃን የሚሠቃየውን አትለፈው ብሎ አስተምሯል። የቂሳርያው ባስልዮስ ደግሞ ጎተራውን አፍርሶ ሊያሰፋ ስላሰበው ባለጠጋ ሲሰብክ፣ የምታስቀምጠው እንጀራ የተራበው ነው፣ በሣጥንህ ያለው ልብስ የታረዘው ነው አለ። እነዚህ ሰዎች የሰበኩት ቤት አከራዮችና እህል ነጋዴዎች ፊት ለፊታቸው ተቀምጠው ሳለ ነበር። በከተማችን የቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ሲደርስ የእንግዳ ማረፊያ ዋጋ እንደሚያሻቅብ ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ይህ ጥያቄ የአንድ ቤተ እምነት ብቻ አይደለም።

ወደ ፋብሪካው ውስጥ ስንገባ ደግሞ መጽሐፈ ሩት አለ። ሩት ከአገሯ የወጣች፣ ባል የሞተባት፣ በሰው እርሻ ቃርሚያ የምትለቅም መጻተኛ ነበረች። በዚያ እርሻ በአጫጆች ላይ የተሾመ ጎልማሳ እንደነበረ ታሪኩ ይናገራል፤ በዛሬው ቋንቋ ሱፐርቫይዘር ነው። ቦዔዝ ሲመጣ ያደረገውን ልብ ብላችሁ እዩት። መጀመሪያ ጎልማሶቹ እንዳይነኳት አዘዘ። ቀጥሎ ሲጠማት ጎልማሶቹ ከቀዱት ውሃ እንድትጠጣ ፈቀደላት። በምሳ ሰዓት ከአጫጆቹ ጋር አስቀመጣት። በነዶው መካከል እንድትቃርም ፈቅዶ እንዳያሳፍሯትም ነገራቸው። ኑኃሚን በኋላ ስትሰማ በሌላ እርሻ እንዳያገኙሽ ከእርሱ ሴቶች ጋር መውጣትሽ መልካም ነው ማለቷ በሌሎች እርሻዎች ምን ይደርስ እንደነበረ ይነግረናል። ቦዔዝን በስብከቶቻችን የፍቅር ታሪክ ጀግና ብቻ አድርገነዋል፤ ለወጣቶች የትዳር ሴሚናር ካልሆነ አይነሣም። ነገር ግን በምዕራፍ ሁለት የምናየው በሥራ ቦታው ላይ ሴት ሠራተኛ እንዳትደፈር በግልጽ ትእዛዝ የሰጠ፣ የውሃና የዕረፍት ነገር ያሰበ፣ የበታች ሹሙን የተቆጣጠረ አሠሪ ነው። በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን አዋጅ 1156/2011ም ይከለክላል። በፓርኩ ውስጥ መስመር የሚመሩ፣ በሰው ሀብት ክፍል የተቀመጡ ምእመናን በየአጥቢያችን አሉን፤ እነርሱን ሰብስቦ ሩት ምዕራፍ 2ን ያስተማረ አጥቢያ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

እዚህ ላይ የቤተ ክርስቲያን ዲሲፕሊን የሚባለውን ነገር ማንሣት ግድ ነው። ከመዘምራን አንዷ ሳታገባ ብታረግዝ የሚሆነው ይታወቃል፦ ከአገልግሎት ትታገዳለች፣ ከቅዱስ ቁርባን ትከለከላለች፣ በጉባኤ ፊት ስሟ ይነበባል። ሆዷ ስለሚታይ መረጃ አይጠፋባትም። የሰውዬው ሆድ ግን አይታይም። አከራዩ ይሁን የአከራዩ ልጅ፣ አለቃዋ ይሁን የሰፈር ጎረምሳ፣ ተስማምታ ይሁን ተገድዳ የሚጠይቅ ሽማግሌ ብዙ አይገኝም። ኃጢአትን ኃጢአት ማለት እንዳለብን አምናለሁ፤ ነገር ግን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ሴቲቱን ብቻ ይዘው የመጡት ሰዎች ከጌታ ያገኙትን መልስ የምናውቅ ሆነን ሳለ ያንኑ ልማድ በቃለ ጉባኤ አስፍረን እንቀጥላለን። ከዚህም የተነሣ ብዙ ልጆች ከመታገዳቸው በፊት ራሳቸው ይጠፋሉ። አንዷ ልጅ ለምን ከኅብረቱ እንደቀረች ስጠይቅ ጓደኛዋ «ወደ ቤተሰብ ሄዳለች» ብላ ዓይኗን ሰበረች፤ ቀጥዬ አልጠየቅሁም፣ መልሱ ግልጽ ነበርና። የሥራ ሕጉ ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ሰጥቷታል፤ ቤተ ክርስቲያኗ የሰጠቻት እገዳ ነው።

ገንዘብ ለነቢይ በመስጠት ብልጽግና ይገኛል ስለሚለው «ዘር ዝሩና ብድግ ትላላችሁ» ስብከት ብዙ አልልም፤ በሰፊው ተጽፎበታል። ይህን ብቻ ልጨምር፦ ከወር ደመወዟ ላይ ለነቢዩ የምትሰጠው ልጅ ሞኝ አይደለችም። ደመወዟ በትጋት የማይጨምር፣ ኪራይዋም ያለ ምክንያት የሚጨምር መሆኑን አይታለች፤ ስለዚህ በተአምር ካልሆነ የሚለወጥ ነገር እንደሌለ ትክክለኛ ስሌት ሠርታለች። ስለ ፍትሕ የማይናገር መድረክ ለሐሰተኛ ነቢይ ገበያ ያዘጋጃል።

የአምልኮ ሰዓታችንም የራሱ ነገር አለው። በሳምንት ስድስት ቀን፣ እስከ 48 ሰዓት የሚሠራ ሰው እሑድ ያለው ልብሱን ማጠቢያ፣ ገበያ መሄጃ፣ መተኛ ቀኑ ነው። የእኛ ፕሮግራም ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተነሥቶ እስከ ሰባት ሰዓት ይዘልቃል፤ ከዚያ የመዘምራን ልምምድ አለ። ልጅቱ ስታንቀላፋ ከመድረክ «እንቅልፍ የሰይጣን ነው» ይባላል። በማታ ሺፍት ለሚሠሩት የቀን አጭር አምልኮ ማድረግ፣ በሳምንቱ ውስጥ ባዶ የሚውለውን አዳራሽ ለማረፊያና ለንባብ መክፈት፣ ለወለዱት ደግሞ ሕፃናት ማዋያ ማሰናዳት የሚያስቸግር አይደለም። የሚያስቸግረው የአዳራሹ ምንጣፍ ይቆሽሻል የሚለው ክርክር ነው።

በተግባር ረገድ ከሁሉ ቀላሉ ነገር ውል ነው። መጋቢት 2016 ዓ.ም. ላይ የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የአዋጁ አፈጻጸም በየከተማው የሚወሰን ስለሆነ ሕጉ በሰፈሬ ገና አልተተገበረም የሚል አከራይ ይኖራል። ክርስቲያን አከራይ ግን የመንግሥት ተቆጣጣሪ በሩን እስኪያንኳኳ መጠበቅ አለበት ብዬ አላስብም። የአጥቢያው ሽማግሌዎች አንድ ገጽ የማይሞላ የውል ናሙና አዘጋጅተው፣ ኪራዩን፣ የመብራትና የውሃውን ድርሻ፣ በሩ የሚከፈትበትን ሰዓት፣ ጭማሪ ቢኖር ከስንት ወር በፊት እንደሚነገር አስፍረው ለአባላት ቢሰጡ ብዙ እንባ ይቀራል። የአባልነት ትምህርት ስንሰጥ ስለ መጠጥና ስለ ጋብቻ እንጠይቃለን፤ «ቤት ታከራያለህ? እንዴት?» የሚለውን ጥያቄ መጨመር የነገረ መለኮት ችግር አያመጣም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ራሷ ቤተ ክርስቲያን አከራይ መሆኗን መርሳት አልችልም። በከተማችን ብዙ አጥቢያዎች በአጥራቸው ዙሪያ ሱቅ ሠርተው ያከራያሉ፤ በግቢያቸው ውስጥም ክፍሎች ያላቸው አሉ። ገቢው በዓመታዊው የሒሳብ ሪፖርት ውስጥ በአንድ መስመር ይነበባል፤ ተከራዩ ማን እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደተጨመረበት፣ ሲታመም ወይም ገበያ ሲቀዘቅዝ ምን እንደተደረገለት ማንም አይጠይቅም። ስለ ምእመናን የሰርቪስ ክፍል ለማስተማር አፍ የሚሰጠን በራሳችን ሱቆች ላይ የምናደርገው ነው። በአጥቢያችን በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የኪራይ ገቢው ብቻ ሳይሆን የኪራይ ውሎቹም እንዲነበቡ፣ የተከራዮቹ ተወካይም እንዲናገር በጽሑፍ ጠይቄያለሁ። ማመልከቻው ለሽማግሌዎች ቦርድ ተመርቷል።